ያልተጠየቀው ባለቤት

ልብስ ሰፊ መቀሱን ከማንሣቱ በፊት የደንበኛውን ትከሻና ወገብ በሜትር ይለካል። ልኩን ሳይወስድ ሰፍቶ ልብሱ ቢጠብብ፣ ጥፋቱ የደንበኛው ትከሻ ነው የሚል ሰው አይገኝም። ለሽማግሌዎች፣ ለአሮጊቶችና ለአካል ጉዳተኞች የሚሠራው ዕቃ፣ ሕንፃና መንገድ ግን ብዙ ጊዜ ልክ ሳይወሰድለት ይሠራል፤ አልሆን ሲልም ጥፋቱ የተጠቃሚው ድካም ተደርጎ ይቆጠራል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ከጓደኞቼ ጋር ልወያይበት የፈለግሁት ጉዳይ ይኸው ነው፤ ይኸውም አንድ ነዳፊ፣ ዕቃው የሚሠራለትን ሰው በምን ጊዜ፣ በምን ዓይነትና እስከ ምን ድረስ በሥራው ውስጥ ሊያስገባው ይገባል የሚለው ነው።

እኔ የምሕንድስና ተማሪ ነኝ። ስለ ብረት ጥንካሬ፣ ስለ እንጨት መታጠፍና ስለ ሲሚንቶ ድብልቅ ብዙ ተምረናል፤ ስለ ሰው ግን የተማርነው ጥቂት ነው። በምንሥለው ፕላን ላይ የሚቆመው ሰው ሁልጊዜ ወጣት ነው፤ ቁመቱ መካከለኛ ነው፤ ሁለት ዐይን፣ ሁለት እጅና ሁለት እግር አለው፤ ደክሞትም አያውቅም። እኛ ራሳችን በሕፃንነታችን ይህን ሰው አልነበርንም፤ ዕድሜ ከሰጠንም በእርጅናችን ይህን ሰው አንሆንም። ስለዚህ ነገሩ የጥቂቶች ጉዳይ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ከአገራችን አዋጅ ቁጥር በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሜ የማነሣው የዐይነ ስውራንን ፊደል ታሪክ ነው። በ1780ዎቹ ቫለንቲን አዊ የተባለ ፈረንሳዊ በፓሪስ ከተማ ለዐይነ ስውራን ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋመ። አዊ ቅን ሰው ነበር። የሚያይ ሰው የሚያነበውን የላቲን ፊደል በወፍራም ወረቀት ላይ አጉልቶ እያሳተመ፣ ልጆቹ በጣታቸው እየዳሰሱ እንዲያነቡ አደረገ። ልጆቹ በእርግጥ አነበቡ፤ ነገር ግን የእያንዳንዱን ፊደል ዙሪያ መዳሰስ ስለሚያስፈልግ ንባቡ እጅግ አዝጋሚ ነበር፤ መጻሕፍቱም ትልልቅና ከባድ ነበሩ። ከዚህም በላይ ልጆቹ በዚያ ፊደል በቀላሉ ሊጽፉበት አይችሉም ነበር። ከዚያ በኋላ ሻርል ባርቢዬ የተባለ የቀድሞ የመድፈኛ መኮንን በነጥብ የሚጻፍ ዘዴ አመጣ። ነጥብ ለጣት ከመስመር ይልቅ የሚመች መሆኑን ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ዳሩ ግን የእርሱ ምልክት እስከ 12 ነጥብ የሚደርስ ስለ ሆነ በአንድ ጣት ጫፍ ሥር አይገባም፤ ደግሞም የቃሉን ድምፅ እንጂ ትክክለኛ አጻጻፉን አያሳይም ነበር።

በዚያው ትምህርት ቤት ሉዊ ብሬል የሚባል ልጅ ነበረ። በ1809 ተወልዶ፣ በሦስት ዓመቱ በአባቱ የቆዳ ሥራ ቤት ውስጥ ሲጫወት ሹል መሣሪያ ዐይኑን ወግቶት የታወረ ነው። ይህ ልጅ ነጥቦቹን ወደ 6 አወረዳቸው፤ አንድ ፊደል በአንድ ጣት ጫፍ ሥር እንዲገባ አደረገ፤ ለሥርዓተ ነጥብና ለዜማም ምልክት አበጀ። ሥራው መልክ ሲይዝ ዕድሜው ገና 15 ዓመት ያህል ነበር፤ በ1829ም በመጽሐፍ አሳተመው። ይሁን እንጂ መምህራኑ በቀላሉ አልተቀበሉትም። የሚያዩ ሰዎች ሊያነቡት የማይችሉት ፊደል ዐይነ ስውራንን ከሌላው ሕዝብ ይለያል ተባለ፤ እንዲያውም ለጥቂት ጊዜ ተከልክሎ ተማሪዎቹ በምስጢር ይጽፉበት ነበር። ትምህርት ቤቱ በይፋ የተቀበለው በ1854 ነው፤ ብሬል ግን በ1852 ሞቶ ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ዐይነ ስውር ሁሉ ሊቅ ነው ማለትን አይደለም። ቁም ነገሩ ጥያቄው የተለወጠ መሆኑ ነው። አዊ የጠየቀው ዐይነ ስውራን የእኛን መጽሐፍ እንዴት ያነባሉ ብሎ ነው። ብሬል ግን እኛስ እንዴት እንጽፋለን፣ የጻፍነውንስ እንዴት መልሰን እናነባለን ብሎ ጠየቀ። አዊ ሊሰጣቸው አሰበ፤ ብሬል ደግሞ ሊመልሱ አሰበ። ይህን ጥያቄ ዐይኑ የሚያይ ሰው ሊያስበው አይችልም ነበር አልልም፤ ነገር ግን ለ40 ዓመት ያህል ያሰበው አልተገኘም። ዛሬ በአገራችን የሚሠራበት የአማርኛ ብሬልም ያንኑ መንገድ ተከትሏል። እኛ በአንድ መልክ የምንጽፈውን የፊደል ዘር ተነባቢውንና አናባቢውን ለይቶ በየራሳቸው ምልክት ይጽፋቸዋል። ለዐይን የተሠራውን የፊደላችንን ቅርጽ በጣት ላይ ለማስመሰል አልሞከረም፤ ለጣት የሚሆነውን መረጠ።

ሁለተኛው ታሪክ ለእኛ ዘመን የቀረበ ነው። ፓትሪሺያ ሙር የተባለች አሜሪካዊት ነዳፊ በወጣትነቷ ትሠራበት በነበረ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ፣ ይህ የማቀዝቀዣ በር እጁን ቁርጥማት ለያዘው ሰው ይከፈታል ወይ ብላ ብትጠይቅ፣ እኛ እንደዚያ ላሉ ሰዎች አንነድፍም የሚል መልስ ተሰጣት። ከዚያ በኋላ በ1979፣ በ26 ዓመቷ፣ ፊቷን በባለሙያ እንደ አሮጊት አሠርታ፣ የሚያደበዝዝ መነጽር አድርጋ፣ ጆሮዋን ደፍናና መገጣጠሚያዎቿን በፋሻ አስራ መዞር ጀመረች። እስከ 1982 ድረስ በአሜሪካና በካናዳ ከ100 በሚበልጡ ከተሞች እንዲሁ ሆና ተዘዋወረች። የሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ሲያመናጭቃት፣ የአውቶቡሱ ደረጃ ሲያቅታት፣ ወንበዴዎችም ሲደበድቧት አየች። ያየችውንም ለሙያ ጓደኞቿ አስተማረች።

ይህችን ሴት አደንቃታለሁ። ቢሆንም የማስመሰል መንገድ ወሰን አለው። ማታ ሲሆን ፋሻው ይፈታል። ሌላም ነገር አለ። ዐይኑን ለአንድ ሰዓት በጨርቅ የሸፈነ ተማሪ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ቀን ድንጋጤ ነው፤ 20 ዓመት በዐይነ ስውርነት የኖረውን ሰው ችሎታ አያውቅም። ድንጋጤውን ብቻ ይዞ ቢነድፍ፣ ለደነገጠ ሰው የሚሆን ዕቃ ይሠራል። የሚጠቀምበት ሰው ግን ከደነገጠ ቆይቷል፤ መንገዱን በነፋሱ፣ በማሚቶውና በእግሩ ሥር ባለው መሬት ይለያል። ስለዚህ ማስመሰል ልብን ለመክፈት ይጠቅማል፤ ባለቤቱን ግን አይተካም።

ባለቤቱ ሲገባበትስ ስሙ ይጠራለታል ወይ? በ1990 ኦክሶ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ወፍራምና ለስላሳ የጎማ እጀታ ያላቸውን የወጥ ቤት ዕቃዎች ለገበያ አወጣ። የልጣጭ መላጫው ከሁሉ ይልቅ ታወቀ። ሲነገር የኖረው ታሪክ፣ ሳም ፋርበር የተባለው ነጋዴ ሚስቱ ቤትሲ በእጅ ቁርጥማት ስትቸገር አይቶ፣ አዝኖላት አሠራላት የሚል ነው። ቤትሲ ፋርበር ግን የሥነ ሕንፃ ትምህርት የነበራት ሴት ናት፤ ሐሳቡ የእርስዋ እንደ ነበረ ኋላ ተናግራለች፤ ታሪክ የሚያስታውሰኝ ሐሳብ ያፈለቅሁ ሴት አድርጎ ሳይሆን ቁርጥማት የያዘኝ ሴት አድርጎ ነው ብላም አዝናለች። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ለታመመውም ላልታመመውም እጅ ይመቻል። ነገር ግን ሐሳብ የሰጠችው ሴት በታሪኩ ውስጥ የቀረችው እንደ በሽተኛ ነው። እንግዲህ ሰውን ማማከር ብቻ አይበቃም፤ ያማከሩትን ሰው በምን ስም እንደሚጠሩትም ማሰብ ያስፈልጋል።

የተሻለ ምሳሌ የማገኘው ከራልፍ ሆችኪስ ሥራ ነው። ይህ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1966 በሞተር ብስክሌት አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ፤ ከዚያም በኋላ የራሱን ተሽከርካሪ ወንበር ራሱ እያሻሻለ ይሠራ ጀመር። በ1980 ወደ ኒካራጓ በሄደ ጊዜ አንዲቱን ተሽከርካሪ ወንበር በጋራ የሚጠቀሙ አራት ወጣቶች አገኘ። ወጣቶቹ ወንበሯን እየጠገኑና እየለዋወጡ ለአገራቸው መንገድ የምትሆን አድርገዋት ነበር። ሆችኪስ ለእነርሱ ወንበር ልኮ አልተመለሰም። ከእነርሱ ጋር በሠፈር ብየዳ ቤት ሊሠራ የሚችል፣ በየአገሩ ገበያ በሚገኝ ብረትና ጎማ የሚጠገን ወንበር ነደፈ። ሥራው ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፋ፤ ከየአገሩም ትምህርት ተመለሰ። ለምሳሌ በአሸዋ ውስጥ የማይሰምጠው ሰፊ የፊት ጎማ በዚምባብዌ የተገኘ ስለ ሆነ እስከ ዛሬ በዚያች አገር ስም ይጠራል። እዚህ ላይ አስተማሪና ተማሪ ማን እንደ ሆነ ለመለየት ያስቸግራል፤ የሚበጀውም እንዲህ ሲሆን ነው።

ምናልባት አንዳንድ ጓደኞቼ፣ ተጠቃሚው ምሕንድስና አያውቅም፤ ገና ስላልተሠራ ዕቃ ቢጠየቅ ምን ይመልሳል ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከ1981 እስከ 1985 ድረስ በስካንዲናቪያ አገሮች የማተሚያ ቤት ሠራተኞች ማኅበርና ተመራማሪዎች አብረው በሠሩት ኡቶፒያ በተባለ ጥናት ይኸው ችግር ገጥሟቸው ነበር። ሠራተኞቹ ኮምፒዩተር አያውቁም፤ ተመራማሪዎቹም የማተሚያ ሥራ አያውቁም። በወረቀት የተጻፈው ማብራሪያ ለሠራተኞቹ ምንም አልነገራቸውም። በመጨረሻ ከካርቶንና ከእንጨት የውሸት ማሽን ሠርተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡላቸውና፣ እንግዲህ የዕለት ሥራችሁን እንደምትሠሩ ሆናችሁ አሳዩን አሏቸው። ያን ጊዜ የሠራተኞቹ እጅ አፋቸው ሊናገረው ያልቻለውን ተናገረ። ካርቶን በእኛም አገር አለ፤ ዋጋውም ውድ አይደለም።

በእኛ አገር ደግሞ በውጭ መጻሕፍት የማይገኝ አንድ ችግር አለ፤ ስሙም ይሉኝታ ነው። አያቴ በደብረ ብርሃን ይኖራሉ፤ ዕድሜያቸው ከ80 አልፏል። አሜሪካ የምትኖረው አክስቴ አምና ባለ አራት እግር የብረት መደገፊያ ላከችላቸው። አያቴ ተቀብለው መረቁ። እንዴት ነው እማማ፣ ተመቸዎት ወይ ተብለው በስልክ ሲጠየቁ፣ «ምን ይወጣለታል ልጄ፣ እግዜር ውለታሽን ይክፈለው» ይላሉ። መደገፊያው ግን በግቢው ውስጥ ነጠላ ማስጫ ሆኗል። አያቴ አልዋሹም፤ በእርሳቸው ሥርዓት ከባሕር ማዶ ድረስ የመጣን ስጦታ አይረባም ማለት ነውር ነው። መጠይቅ ይዞ የሚሄድ ተማሪ ቢጠይቃቸው «እጅግ ጥሩ» በሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ይመለስ ነበር።

አንድ ሳምንት አብሬያቸው ስቀመጥ የሆነው ነገር ሌላ ነው። ግቢው ድንጋያማ ስለ ሆነ አራቱ እግሮች በአንድ ጊዜ መሬት አይዙም። የበሩ ደፍ ከፍ ያለ ነው፤ መደገፊያውን አንሥቶ ለማሻገር የሁለት ሰው እጅ ይፈልጋል። አያቴ በሜዳ ላይ ለመሄድ ከዘራቸው ይበቃቸዋል፤ የሚያቅታቸው ሌሊት ከመደቡ መነሣትና ደፉን መሻገር ነበር። ይህንንም የነገሩኝ ጠይቄያቸው አይደለም፤ ሌሊት ሲነሡ የግድግዳውን ጭቃ በእጃቸው ሲፈልጉ አይቼ ነው። በማግስቱ የሠፈሩ አናጢ ተጠራ፤ ሥራውን ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። «እዚህ ላይ ልጄ፤ እዚያ አይደለም፤ ክንዴ በሚደርስበት ምታልኝ» እያሉ ልኩን ሰጡ። ዋጋው አንድ የባሕር ዛፍ እንጨትና ጥቂት ምስማር ነበር። አናጢውን ሲያዙ ግን ምንም ይሉኝታ አልነበራቸውም፤ ስጦታ የሚቀበሉ ሳይሆኑ ሥራ የሚያሠሩ ሆነው ነበርና። እኔ ከዚህ የተማርሁት፣ ሰው እውነቱን እንዲነግረን ከፈለግን ከተመጽዋችነት ወደ አሠሪነት ቦታውን መለወጥ እንዳለብን ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ግቢ እንመለስ። ለሦስት ዓመታት ማታ ማታ ለአንድ ዐይነ ስውር የሕግ ተማሪ ጓደኛዬ መጻሕፍት አነብለታለሁ። ዘንድሮ የመመረቂያ ጥናት የሚሠሩ ተማሪዎች መጠይቅ ይዘው ሲመጡ እርሱና አንዳንድ ጓደኞቹ አንሞላም ብለው መለሷቸው። ነገሩ በመኝታ ቤቶች ሁሉ ተወራ፤ ምስጋና ቢሶች ተባሉ። እኔም ለምን ብዬ ጠየቅሁት። «በሦስት ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ ሞልቻለሁ» አለኝ። «ስለ ዱላ ጠየቁኝ፤ ስለ ጫማ ጠየቁኝ፤ ስለሚናገር መነጽር ጠየቁኝ። አንዱም ዕቃ እጄ አልገባም። አንዱም ጠያቂ ይህን አገኘን ወይም አቃተን ብሎ አልተመለሰም። እነርሱ በእኔ መልስ ተመረቁ፤ እኔ በዚያው በዱሮው ዱላዬ እሄዳለሁ። ከሰባቱ አንዱ እንኳ ምን ያስቸግርሃል ብሎ አልጀመረም፤ ሁሉም የሠራውን ሥዕል አምጥቶ ወደድኸው ወይ አለኝ።»

ይህን ቃል ሰምቶ ምስጋና ቢስ የሚለው ሰው ካለ፣ እኔ አልስማማም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። የሰውን ኑሮ ለራስ ማዕረግ መጠቀሚያ አድርጎ መሄድ፣ ምንም እንኳ በትሕትና ቢጠየቅ፣ ንቀት አለበት። ጉዳቱም በእነርሱ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። እነርሱ በራቸውን ከዘጉ በኋላ የሚመጣ ቅን ተማሪ የሚያንኳኳበት በር አያገኝም፤ የምሕንድስና ትምህርታችንም እንደገና ግምት ብቻ ይሆናል።

ሕጉ በዚህ ረገድ ከእኛ ቀድሟል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2006 ያጸደቀው፣ ኢትዮጵያም በ2010 የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 4 ላይ መንግሥታት እነርሱን የሚመለከት ሕግና ውሳኔ ሲያዘጋጁ ከአካል ጉዳተኞች ጋር በቅርብ እንዲመክሩ ያዝዛል። ያለ እኛ ስለ እኛ ምንም አይወሰን የሚለው የአካል ጉዳተኞች መፈክርም የታወቀ ነው። በአገራችንም የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል። ዳሩ ግን አዋጅ ብቻውን መወጣጫ አይሠራም። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ መወጣጫ ተሠርቷል፤ በብዙ አገሮች ደንብ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ይሰጣል፤ የዚህኛው ግን ቁልቁለቱ እንደ ጣሪያ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ሰው ሁለት ዘበኞች ካልገፉት አይወጣም። አዋጁ ተፈጽሟል ተብሎ ተመዝግቧል፤ ከመሠራቱ በፊት አንድ ባለ ወንበር ሰው በጣውላ ላይ ቢሞክረው ኖሮ ግን ስሕተቱ በአንድ ቀን ይታወቅ ነበር።

ስለዚህ ለማኅበራችንና ለጓደኞቼ ጥቂት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ እርሳስ ከመነሣቱ በፊት እንሂድ፤ የሠራሁትን ወደድኸው ወይ ሳይሆን ቀንህ ከጧት እስከ ማታ እንዴት ይውላል ብለን እንጀምር። ሁለተኛ፣ የሠራነውን ዕቃ አሳይተን አንመለስ፤ ለአንድ ወር ትተነው እንሂድ፤ ስንመለስም ቃሉን ብቻ ሳይሆን ዕቃው የት እንደ ተቀመጠና ምን ያህል እንደ ቆሸሸ እንይ። ነጠላ ማስጫ ከሆነ መልሱ ያ ነው። ሦስተኛ፣ አብሮን የሠራው ሰው ፈቃዱ ከሆነ ስሙ በጥናቱ የመጀመሪያ ገጽ ከእኛ ስም ጎን ይጻፍ፤ የጠፋ ጊዜውም ይከፈለው። ለሲሚንቶና ለብረት ከከፈልን ለዕውቀት የማንከፍልበት ምክንያት የለም። አራተኛ፣ ውጤቱ መልካምም ሆነ መጥፎ ተመልሰን እንንገር፤ ለዐይነ ስውር በብሬል ወይም በቃል ይነበብለት። አምስተኛ፣ ማኅበሩ አንድ መዝገብ ይክፈት፤ ማን በምን ጉዳይ እንደ ተጠየቀና ምን እንደ ተመለሰለት ይጻፍበት። መዝገቡንም የሚይዙት አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ራሳቸው ይሁኑ፤ አንድ ጥናት የሚጠቅም መስሎ ካልታያቸው አይሆንም ለማለት ሥልጣን ይኑራቸው።

ይህ ሁሉ ጊዜ እንደሚወስድ አውቃለሁ። አንድ የትምህርት ወቅት አራት ወር ያህል ነው፤ በአራት ወር ውስጥ ሄዶ፣ ሠርቶ፣ ትቶ፣ ተመልሶ ማረም ከባድ ነው። ምናልባት ከትልቁ ማሽን ይልቅ አንዲት ትንሽ እጀታ ብቻ እንጨርስ ይሆናል፤ ለፈታኞቻችንም በሚያምር ሥዕል ፋንታ የተፋቀና የተቧጨረ እንጨት እናቀርብ ይሆናል። እኔ በበኩሌ የዘንድሮውን ሥራዬን በዚህ መንገድ ለመሥራት ቆርጫለሁ። ባለቤቱ ይዞት የተቧጨረው እንጨት፣ ማንም ካልነካው ሥዕል ይልቅ ምን እንደ ተማርን ይመሰክራል። ሐሳቤን የማይቀበል ጓደኛ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ ከመጻፉ በፊት ግን ስለሚጽፍላቸው ሰዎች ከሆነ፣ ሄዶ ያነጋግራቸው።